ልጅ አይቆጠርም?



ያለፈው ዒድ አልፊጥር ዕለት ነው። ከባሕር ዳር አንድ ሰፈር የመጣን ሦስት ቤተሰቦች ጣና ዳር ቆመን ከባለ ጀልባው ጋር እንከራከራለን። «ጀልባዋ የምትጭነው አሥር ሰው ነው» ይላል። እኛ ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎችና አምስት ሕፃናት ነን። አንዱ ወንድማችን ፈገግ ብሎ «ታዲያ ዘጠኝ አይደለን? ልጅ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ባለ ጀልባውም ትንሽ አቅማማና ገመዱን ፈታ።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያች ሳቅ ምክንያት ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የዒድ ሶላት ሰግደን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ ምሳ በልተን፣ ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የሄድነው። አባይ ከጣና ወደሚወጣበት አካባቢ ደርሰን ጉማሬ አይተን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። ጉማሬዎቹም ታዩ። «ያውና! ያውና!» ሲባል ልጆቹ ተነሡ፤ ልጆቹን ለመያዝ እናቶች ተነሡ፤ ቪዲዮ ለመቅረጽ ደግሞ እኛ ወንዶቹ ተነሣን። ሁላችንም በአንድ ወገን። ጀልባዋ ወደዚያው አዘነበለችና ውኃው በጠርዟ ተሻግሮ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ባለ ጀልባው «ተቀመጡ!» ብሎ ሲጮህ የሰማነው ድምፅ እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቷል። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን እየመታ ልጆቹን አራሳቸው። መሐል ላይ አረም ሞተሩ ላይ ተጠመጠመና ቆመ። ባለ ጀልባው አረሙን እስኪያላቅቅ ድረስ ጀልባዋ ማዕበሉ ወደወሰዳት ስትሄድ፣ ያኔ ነው ላይፍ ጃኬት ትዝ ያለን። በመቀመጫው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስድስት ነበሩ። ስድስቱም የትልቅ ሰው ናቸው። አንዱ አባት አንዱን አውጥቶ ለአራት ዓመት ልጁ አለበሳትና በሁለት ትከሻው ይዞ ወደ ላይ ሳብ አደረገው። ጃኬቱ በጭንቅላቷ ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ። ልጅቷ ከሥር ቆማ ታየዋለች። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሞተሩ ተነሣ፣ ደረስን፤ አልሐምዱሊላህ ማንም አልተጎዳም። ባዶ እግራችንን አሸዋው ላይ ቆመን የልጆቹን ልብስ ስንጨምቅ አንዱ «ቀደራችን አልነበረም» አለ። ሁላችንም «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ» አልን። ከክርክሩ ጀምሮ ዝም ብሎ ሲሰማ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ግን አባቱን ቀና ብሎ አየውና «አባ፣ እኔ ግን ለምንድን ነው ያልተቆጠርኩት?» ብሎ ጠየቀ።

መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስንነጋገርበት ቆይተናል።

ሽርሽሩን አንቃወምም

ወንድሞችና እህቶች፣ ከወዲሁ እንድንግባባ፦ ልጆችን ከሐይቅ አርቁ የሚል ጽሑፍ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። አብዛኞቻችን ከተማ ውስጥ የምንኖረው በጠባብ የኪራይ ቤት ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወደ ቁርኣን ቤት፣ ከቁርኣን ቤት ወደ ስልክ ይመላለሳሉ። አባት ሥራ ውሎ ሲመጣ ልጆቹ ተኝተዋል። ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ፣ ስልክ ሳይነካ፣ የአላህን ፍጥረት እያየ ሁለት ሰዓት የሚያሳልፍበት ቀን በዓመት ስንት ነው?

የጀልባ ሽርሽር ይህን ይሰጣል። ልጅ ውኃው ላይ ሆኖ ደንገሉን፣ ወፎቹን፣ ዓሣ አጥማጁን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ማቆሚያ የለውም። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) የልጅ ልጆቻቸውን ሐሰንንና ሑሰይንን ጀርባቸው ላይ ያወጡ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ ልጅን ማጫወት ጊዜ ማባከን ነው ልንል አንችልም። ስለዚህ እንሂድ፤ ልጆቻችንንም እንውሰድ። ጥያቄያችን እንዴት እንደምንሄድ ነው።

ጣናን እንወቀው

ጣና የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ፣ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ቢልም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ይሸፍናል። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የጎርጎራን ዳር አያይም። ይህ ሁሉ ስፋት ያለው ውኃ ግን ጥልቁ ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

«ጥልቀት ከሌለው ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። የሚያስፈራውስ እሱ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል፤ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ይደራረባል። አንዱ ማዕበል ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ለትልቅ መርከብ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለአሥር ሰው ጀልባ ግን፣ በተለይ ከልኩ በላይ ተጭና ጠርዟ ወደ ውኃው ለቀረበው ጀልባ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞም ቁመቱ አንድ ሜትር ለሆነ ልጅ ሁለት ሜትርም አሥራ አምስት ሜትርም ያው ናቸው።

ነፋሱ ደግሞ ሰዓት አለው። ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ የተኛ ነው። ፀሐይዋ እየጠነከረች ስትሄድ መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በመሬቱ ላይ ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛው አየር ሊተካው ይመጣል። ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ድንገተኛ ወጀብ ይዞ ይመጣል።

በባሕር ዳር ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከደንገል ታንኳ መሥራት የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ከዚያ ዒድ በኋላ አንድ አባት አግኝተን የደረሰብንን ስንነግራቸው፣ ስለ ማዕበሉ ብዙም አልተገረሙም። የጠየቁን «በስንት ሰዓት ሄዳችሁ?» ብለው ነው። ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ።

እስቲ የእኛን የዒድ ፕሮግራም እንየው። ጠዋት ሶላት፣ ከዚያ ዚያራ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ «ልጆቹን እናዝናናቸው»። ሐይቁ በተረጋጋበት ሰዓት እኛ ሰው ቤት ነን። ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት፣ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ወደ ዳር በሚመጣበት፣ ጀልባ በሚጠፋበት፣ ባለ ጀልባው ሲመላለስ ውሎ በደከመበት ሰዓት እኛ ሕፃናት ይዘን እንደርሳለን። ዒድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አንድ ዘመን በበጋ፣ ሌላ ዘመን በክረምት ላይ ይውላል። ወቅቱ ሲቀየር የእኛ ፕሮግራም አይቀየርም። ይህን ማንም አልወሰነልንም፤ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይስተካከላል።

«ልጅ አይቆጠርም» ከየት መጣ?

ይህ ቃል ከታክሲ የመጣ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ አይከፈልበትም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። ረዳቱም ሾፌሩም ተሳፋሪውም ለምደነዋል። ጀልባ ስንይዝ ያንኑ ሒሳብ ይዘን እንሄዳለን። ግን ጀልባ ሰው የሚቆጥረው ለክፍያ ብቻ አይደለም። አምስት ልጅ አንድ ላይ ሲመዘን የሁለት ሦስት ትልቅ ሰው ክብደት አለው። ያ ክብደት ደግሞ የትልቅ ሰው ዓይነት አይደለም። ትልቅ ሰው ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ልጅ ይነሣል፣ ይንጠራራል፣ ጠርዝ ላይ ይደገፋል፣ ጉማሬ ሲያይ ይሮጣል።

ቆጠራውን ከልጅ ያልጀመረ ሰው ሌላውንም ሁሉ ያለ ልጅ ነው የሚያስበው። ላይፍ ጃኬት ሲቆጠር በትልቅ ሰው ልክ ነው። ሰዓት ሲመረጥ በትልቅ ሰው ምቾት ነው። «ማን ነው ይህን ልጅ የሚያየው?» የሚለውን የሚጠይቅም የለም፤ ሁሉም ስላለ ማንም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በአውሮፓውያኑ 2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ነው። እኛ የማንቆጥራቸው ማለት ነው።

ሌላም የማናውቀው ነገር አለ። ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ ይጮሃል ብለን እናስባለን። ብዙውን ጊዜ አይጮህም። አፉ ከውኃ በላይ በሚወጣባት ቅጽበት አየር ለመሳብ ይታገላል እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም። እጁንም አያውለበልብም፤ ውኃውን ወደ ታች ለመግፋት ይጠቀምበታል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ቪዲዮ ስልክ ላይ ለመለጠፍ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ ከመሳፈራችን በፊት አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «አንተ የእገሌ ነህ፣ አንቺ የእገሊት ነሽ» ይባል። የተመደበውም ስልኩን ኪሱ ይክተት።

ስለ ላይፍ ጃኬት

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እናድርገው፤ ብዙ የተሳሳትንበት ነውና።

በመቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት ማንንም አያድንም። ጀልባ ስትገለበጥ ከረጢት ፈትቶ፣ ልጅ ፈልጎ፣ ማሰሪያ አስሮ የሚያለብስ ሰው የለም። የሚለበሰው ዳር ላይ ነው፤ የሚወልቀውም ዳር ላይ ነው።

የትልቅ ሰው ጃኬት ለልጅ አይሆንም። ባለፈው እንዳየነው በጭንቅላቱ ይወጣል። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፤ ጃኬቱ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፏል። ለትንንሾቹ የሚሆነው ከአንገት ጀርባ ራስን የሚደግፍ ኮሌታ ያለው፣ በእግሮች መካከል አልፎ የሚታሰር ማሰሪያ ያለው፣ ከላይም በእጅ የሚያዝ እጀታ ያለው ነው። ልኩን ለማወቅ አስረን በሁለት ትከሻው ይዘን ወደ ላይ እንሳበው። አገጩና ጆሮው ወደ ውስጥ ከገቡ ልጁ የእሱ ልክ አይደለም ማለት ነው።

እናቶች ልጅ የሚያዝሉበት አንቀልባ መሬት ላይ በረከት ነው፤ ጀልባ ላይ ግን አደጋ ነው። እናት ውኃ ውስጥ ብትወድቅ የታዘለው ልጅ ፊቱ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ እሷም በድንጋጤ ልትፈታው አትችልም። እሷ ላይፍ ጃኬት ብትለብስ እንኳ ጃኬቱ እሷን ወደ ላይ ሲያነሣ እሱን ውኃ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ልጅን ከጀልባዋ ጋር ማሰርም እንዲሁ አይሆንም። የራሱ ልክ ጃኬት ለብሶ ጭን ላይ በእጅ ይያዝ። አንገቱን ገና ያልያዘ፣ ልኩ የሚሆን ጃኬት የማይገኝለት ጨቅላ ደግሞ ከአያቱ ጋር ዳር ላይ ጥላ ሥር ይቆይ። ትልቅ ሲሆን ጣና የትም አይሄድበትም።

እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ብዙዎች «ጂልባቡን ያበላሸዋል»፣ «ሰው ያየኛል» ብለው ጃኬቱን አይለብሱም። ሐያእ ከኢማን እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ጃኬት ከልብስ በላይ የሚደረብ ልብስ ነው፤ ሸፋኝ እንጂ ገላጭ አይደለም። ከጂልባብ ሥር መልበስ ግን ልክ አይደለም፤ የረጠበ ሰፊ ጨርቅ ከላይ ተጠምጥሞ ጃኬቱን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከላይ ይለበስ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ፣ ባል ደግሞ ቀድሞ ይልበስ። አባት ያላጠለቀውን ጃኬት ልጅ አይለብስም፤ «ጀግና አይለብስም» የሚለውን ትምህርት የሚወስደው ከእኛ ነውና።

«ቀደራችን አልነበረም»

አሸዋው ላይ የተባለችውን ቃል እንመለስባት። ሁሉም በአላህ ውሳኔ እንደሚሆን እናምናለን፤ ይህ የኢማናችን አካል ነው። ግን መቼ እንደምንለው ልብ እንበል። ሙሲባ ከደረሰ በኋላ ለእናት፣ ለአባት «የአላህ ውሳኔ ነው» ማለት ማጽናኛ ነው። ከመሳፈራችን በፊት፣ ጃኬቱ ከረጢት ውስጥ እያለ «አላህ ያውቃል» ማለት ግን ማጽናኛ አይደለም፤ ስንፍናችንን በአላህ ስም መሸፈን ነው። ግመሉን ሳያስር ልተወክል ስላለው ሰው የተነገረውን ሐዲስ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። መልሱ መጀመሪያ እሰረው፣ ከዚያ ተወከል የሚል ነበር። ሰበብ ማድረስ የተወኩል ተቃራኒ ሳይሆን የተወኩል በር ነው።

«ውኃ የወሰደው ሸሂድ ነው» የሚልም ይገጥመናል። አዎ፣ በሐዲስ የመጣ ነው፤ ለሟች ቤተሰብ ትልቅ የአላህ ራሕመት ነው። ግን የሦስት ዓመት ልጅን ካለ ጃኬት ለማሳፈር ፈቃድ አይሆንም። ልጅ አላህ የሰጠን አማና ነው። በአማናው ላይ የምንጠየቀው እኛ ነን።

ላለማስቸገር ብለው

በቡኻሪ ከተዘገቡት ሐዲሶች መካከል ስለ መርከብ የሚናገር አንድ ምሳሌ አለ። ብዙዎቻችን በጁምዓ ኹጥባ ሰምተነዋል። ሰዎች በመርከብ ላይ ዕጣ ተጣጥለው ገሚሱ ከላይ፣ ገሚሱ ከታች ሆኑ። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ከላይ ባሉት በኩል ያልፋሉ። ከዚያም፣ ከላይ ያሉትን ላለማስቸገር፣ በራሳችን ድርሻ በኩል ብንበሳው ምን ይመስላችኋል ተባባሉ። ከላይ ያሉት ዝም ካሏቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ።

ይህን ምሳሌ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ወንጀልና ስለ ማስተካከል ግዴታ ነው። ከዚያ የዒድ ቀን በኋላ ግን አንድ ሌላ ነገር አየንበት። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ሰው ላለማስቸገር ነው ያሰቡት። የእኛም ዝምታ ከዚያ የመጣ ነው። በዚያ ጀልባ ላይ ከነበርነው ዘጠኝ ሰዎች ቢያንስ አራታችን በልባችን «በዛን» ብለን ነበር፤ በኋላ ስንነጋገር ነው ያወቅነው። ለምን አልተናገራችሁም ሲባል መልሱ አንድ ነው። «ዒድ ነው ብዬ፣ ደስታቸውን ላለማበላሸት»፣ «ፈሪ እንዳልባል»፣ «ሌላው ሳይናገር እኔ...»። ይሉኝታ! መርከቡን ከሚበሳው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ጨዋነት ነው ያሳየነው።

ባለ ጀልባውንም ብቻውን አንውቀስ። እሱ መጀመሪያ «አሥር ሰው» ብሎ ነበር። የዒድ ቀን ገቢው የሳምንቱን ያህል ሊሆን ይችላል፤ እሱ እምቢ ቢለን ሌላ ጀልባ እንደምንሄድ ያውቃል። ጥፋቱ የለበትም አንልም፤ ገመዱን የፈታው እሱ ነው። ግን ልኩን ነግሮን ልኩን ያስጣልነው እኛ ነን። አንድ ባለ ጀልባ «አይሆንም» ሲል «ጀዛከላህ» የሚለው ተሳፋሪ ቢያገኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «አይሆንም» ለማለት ድፍረት ያገኝ ነበር።

ምን እናድርግ?

ሰፈራችን ውስጥ ተነጋግረን የያዝናቸውን አራት ነገሮች እናካፍላችሁ። ባሕር ዳር ላይ የተጀመሩ ይሁኑ እንጂ ሐዋሳም፣ ዝዋይም፣ አርባ ምንጭም ላላችሁ ይሆናሉ።

1ኛ፦ የዒድን ጀልባ ከዒድ ቀን ወደ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ጠዋት እናዙረው። የመጀመሪያው ቀን ለሶላትና ለዚያራ ይሁን። በማግስቱ ቁርስ በልተን፣ ሐይቁ እንደተኛ ወጥተን፣ ዙህር ሳይደርስ ዳር እንመለስ። ግርግሩም አይኖርም፤ ሶላቱም አያመልጠንም። ጠዋትም ቢሆን ነፋስ ካለ ይቅር። «ከመጣን አይቀር» የሚሉት ነገር ብዙ ቤት አፍርሷል።

2ኛ፦ ቆጠራ ከልጅ ይጀመር፤ አንድ ወንበርም ባዶ ይቅር። ለአሥር ሰው ጀልባ ልጆችን ጨምረን ዘጠኝ እንሁን፤ የአሥረኛውን ዋጋ ግን ተካፍለን እንክፈል። ባለ ጀልባው አይጎዳም፤ እኛም የምናወጣው ለልጆቹ ከምንገዛው ጣፋጭ አይበልጥም። ጉማሬ ሲታይም ሁሉም ተቀምጦ ይይ፤ ጀልባዋም ራቅ ብላ ትቁም። ጉማሬ ከግልገሏ ጋር ከሆነች ወይም መንገዷ ከተዘጋባት ትቆጣለች፤ ለፎቶ ብሎ «ትንሽ ጠጋ በል» ማለት ነውር ይሁን።

3ኛ፦ የልጆች ላይፍ ጃኬት በጀመዓ እንግዛ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ለሚለብሰው ነገር መግዛት ይከብደዋል። አሥር ቤተሰብ ተዋጥቶ በሦስት ልክ ጥቂት ጃኬት ቢገዛ ግን ለዓመታት ይበቃል፤ ልጅ ሲያድግ ልኩ ለሌላው ልጅ ይተላለፋል። አንድ አደራ ጠባቂ ቤት ይቀመጥ፤ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠይቅ ይሰጥ፤ ሲመለስ ደርቆ ይሰቀል። ሰደቀቱል ጃሪያ የምንለው ጉድጓድና መስጂድ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ተርፎ ቢያድግ የእሱ ዕድሜ ሁሉ የዚያ ጃኬት ፍሬ ነው።

4ኛ፦ ልጆቻችንን ዋና እናስተምር፤ ወንዱንም ሴቷንም፣ ለእያንዳንዱ በሚገባው ቦታና ሁኔታ። ይህ ግን በሐይቁ ዳር ይሁን ማለት አይደለም። በጣና ዳርቻ፣ በተለይ አረምና ቀንድ አውጣ ባለበት ጸጥ ያለ ውኃ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ልጅን ዳር ላይ ለብዙ ሰዓት ውኃ ውስጥ ማንቦጫረቅ ቆይቶ የሆድ በሽታ ያመጣል። ዋና የሚማረው ንጹሕ ገንዳ ባለበት፣ የሚያስተምር ሰው ባለበት ነው። ዋና የሚችል ልጅም ቢሆን ጀልባ ላይ ጃኬቱን ይለብሳል።

ይህን ሁሉ ስንል «ደስታውን አከበዳችሁት» የሚለን እንዳለ እናውቃለን። እኛም ፈርተን ነበር። በዒድ አልአድሓ ማግስት ጠዋት ግን ሞከርነው። ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ አምስት ትልልቅ ሰዎችና አራት ልጆች፣ ለአሥር ከፍለን ወጣን። ጣና እንደ መስታወት ተኝቶ ነበር። ደንገል የጫነች ታንኳ በአጠገባችን ስታልፍ ቀዛፊው ለልጆቹ እጁን አነሣላቸው። የዚያን ቀን የሳቅነው ከፊተኛው ዒድ ይበልጣል፤ ማንም በልቡ «በዛን» እያለ አልነበረምና።

ከመነሣታችን በፊት ባለ ጀልባው «ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ትልልቆቹ አፋችንን ሳንከፍት፣ ያ የስድስት ዓመት ልጅ ብርቱካናማ ጃኬቱን ለብሶ እጁን አወጣና «አንድ!» ብሎ ራሱን ቆጠረ። ታናሹ «ሁለት!» አለ። ቆጠራው ወደ እኛ የደረሰው አራት ካለፈ በኋላ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የሚቀጥለው ዒድ ሲደርስ ከሐይቁ ዳር «ልጅ አይቆጠርም» የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትሳቁ። እኛ ስቀን አይተነዋል። ይህንን ጽሑፍም ሐይቅ አጠገብ ለሚኖር ዘመድ አድርሱት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሰጠንን አማና በአግባቡ የምንጠብቅም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።